እናት ውሃ

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ይሄን ደብተር የገዛሁት ደስታ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ባሌ ታንግ አየኝና «ለሰፈሩ ሁሉ አውርተሽ የተረፈሽን ልትጽፊበት ነው?» አለኝ። አዎ፣ የተረፈኝን። ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩት የፋብሪካ ክር ለመቀጠል ብቻ ነው እንዴ?

ዛሬ ልጄ ዪንሊን ካርዱን አመጣችልኝ። እሷና ባሏ ሉዎ በጸደይ የከፈቱት ምግብ ቤት «ዝም ያለ ግቢ» ይባላል። ስምንት ጠረጴዛ ብቻ ነው ያለው። እዚያ ቤት ገብቶ ይሄን አምጡ፣ ያንን ጨምሩ ማለት የለም። ሰው አርፎ ይቀመጣል፤ ሉዎ ያሰበውን አስራ አንድ ዓይነት ምግብ በየተራ፣ ይሄን የሚያህል ሳህን ላይ ጉርሻ የምታህለውን እያስቀመጠ ያቀርብለታል። ከሻንጋይ በአውሮፕላን መጥተው በልተው የሚመለሱ አሉ። ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን ትንሽ ካርድ ይቀመጣል፤ በሰባተኛው ካርድ ላይ የእናቴ ስም ታትሟል። የእናቴ! «የዓሣ ሾርባ በእናት ውሃ። ውሃው የወይዘሮ ዩን ነው፤ ከእናት ለልጅ ሲተላለፍ ስድሳ ዓመት ሆኖታል።» ጮክ ብዬ አነበብኩት፣ ደግሜ አነበብኩት፣ ታንግ ቴሌቪዥኑን ይዞ መኝታ ቤት ሊገባ ምንም አልቀረው።

ከእናቴ የወረስኳት የጎመን ማኮምጠጫ ጋን ወጥ ቤታችን ጥግ ተቀምጣለች። ጎመኑ፣ ዝንጅብሉ፣ ቃሪያው ይገባል ይወጣል፤ የጨው ውሃው፣ እናት ውሃ የምንለው፣ ግን አይደፋም። እንደ እርሾ ነው፣ አሮጌው አዲሱን ያስተምረዋል። በአፏ ዙሪያ ባለው ቦይ ውሃ ይሞላል፣ ክዳኑ እዚያ ውሃ ላይ ይደፋል፣ አየር ዝር አይልም። ቦዩ ከደረቀ ወይም አንዲት ጠብታ ቅባት ከገባ ግን ጉድ ነው፤ ነጭ አበባ የምንለውን ሻጋታ ታወጣለች፣ ከዚያ በኋላ እግዜርም አያድናት።

ካርዱን ይዤ ወደ ፊት ለፊት በር ተሻገርኩ። ከእትዬ ፔንግ ጋር አንድ ፋብሪካ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ግድግዳ ስንጋራ ነው ያረጀነው። እኔ የሌሊት ፈረቃ ስገባ ዪንሊንን አዝላ ያስተኛቻት እሷ ናት። እሷም ከአማቷ የወረሰችው ጋን አላት፤ እኔ ሁሌ «እጅሽ ይሸታል፣ ጎመንሽ አለቅጥ የሚኮመጥጠው ለዚያ ነው» እያልኩ አበሽቃታለሁ። ካርዱን ከዓይኗ አርቃ አነበበችና፣

«እናትሽ ይሄን ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር» አለች።

«ሞታለች እኮ።»

«ሁለተኛ ትሞት ነበር።»

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ዛሬ ደግሞ ተቀረጽኩ! ዪንሊን በስልክ ምግብ እያሳየች ብዙ ተከታይ ያፈራች አንዲት ልጅ አመጣችልኝ። ሰማያዊ ቀሚሴን ለበስኩ፣ ከንፈሬን ተቀባሁ። እጄ ነው የሚታየው ሲሉኝ ዪንሊን ለልደቴ የገዛችልኝን የጽጌረዳ ክሬም እስከ ክርኔ ለቀለቅኩት። ልጅቷ «እትዬ፣ እጅዎን ጋኑ ውስጥ ያስገቡና ጎመኑን ቀስ አድርገው ያውጡት። በጣም ቆንጆ። እስቲ አንዴ ደግሞ። አሁን ፈገግ እያሉ» ስትል፣ ሳስገባና ሳወጣ ክንዴ ደከመ። በስልኩ ሳየው እጄ ያበራል፤ የሃያ ዓመት ሴት እጅ ነው የሚመስለው። ፔንግ በሩ ላይ ቆማ ሱፍ እየፈለፈለች «ለጎመን እንዲህ ከተኳልሽ ለታንግ ምን ልትሆኚ ነው» ትለኛለች። ቀናተኛ።

ሐምሌ 8

ነጭ ነጥብ። ሦስት አራት። ምናልባት የጨው ነው። ዝም ብዬ ክዳኑን መለስኩት።

ሐምሌ 9

የጨው አይደለም።

ታንግ ነው! ማታ ማታ ተነስቶ ኑድል የበላበትን ቾፕስቲክ ሳይታጠብ ይከታል፤ ቅባቱን ይዞ! ተጣላን። «እኔ ጋንሽን ከነካኋት እጄ ይቆረጥ» ይላል። ታዲያ ማን ነካት? አበባውን ገፍፌ ጣልኩ። አረቄ ጨመርኩ፣ ስኳር ጨመርኩ። ትድናለች፣ ከዚህ በፊትም ድናለች።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

አልዳነችም። ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ ሽታው ወደ ኋላ ገፈተረኝ። ጎመኑ በጣቴ መሃል ሟሟ፣ ውሃው እንደ ንፍጥ ይጎተታል። ታንግ ሥራ ሲሄድ ጠብቄ ደፋኋት። ዓይኔ ያበጠው ቃሪያ ነክቶኝ ነው።

ቁጭ ከማለቴ ሉዎ ደወለ። ምግብ ቤቱ ውስጥ እንግዳ እንዲያያቸው መብራት ሥር ያስቀመጣቸው እናት ውሃ ያለባቸው የመስታወት ጋኖች አሉ፤ ሙቀቱ ቶሎ ቶሎ ያደክማቸዋል፣ ስለዚህ በየጊዜው ከኔ ጋን እየወሰደ ያድሳቸዋል። «እናቴ፣ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ ለእናት ውሃው ብቅ ልበል?» አለኝ።

«ና» አልኩት። ምን ልበለው? ያቺ ልጅ የቀረጸችው ተሰራጭቶ እስከ መኸር ድረስ ወንበር የለም እያሉ ነው። እነግረዋለሁ፤ ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ፣ በስልክ አይሆንም።

ሐምሌ 13

ፔንግ ልጇ ጋ ሚያንያንግ ከተማ ሄደች፤ የልጅ ልጇን ልትጠብቅ። ቁልፏን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ «አበቦቹ ቢደርቁ ግድ የለኝም፤ የጋኔ ቦይ ግን እንዳይደርቅብኝ። በዚህ ሐሩር በየቀኑ እይልኝ» አለች።

«የሚሸት ጋን ማን ይጠጋል?»

«አንቺ ትጠጊያለሽ፤ አፍንጫሽን ይዘሽም ቢሆን።»

ደረጃውን ስትወርድ ሆዷን ይዛ ቆም አለች። የበላችው ነገር ይሆናል።

ሐምሌ 15

የፔንግን ቦይ ሞላሁ። ክዳኑን ያነሳሁት ላሸት ብቻ ነው። ሰው ጎረቤቱ ምን እንዳላት ማወቅ ኃጢአት ነው እንዴ? አንድ ጭልፋ ቀዳሁ፣ አንዲት ጭልፋ። ጎረቤት ለጎረቤት እናት ውሃ ይሰጣጣል፣ ከጥንት ያለ ነው፣ ማንም ገንዘብ አይቀበልበትም። የሚሰጠው ሲጠየቅ ነው፤ እሱ እውነት ነው። ለመጠየቅ ግን «የኔዋ ሞተች» ማለት አለብኝ። ለፔንግ! ዕድሜ ልኬን እጅሽ ይሸታል ስላት ለኖርኩት ሴት!

ሐምሌ 18

አንድ ጭልፋ ለምንም አይበቃም። ጥቂት ጨምሬ ቀዳሁ። ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ ጨው አድርጌ የፔንግን ጋን እስከነበረችበት ልክ ሞላኋት። አያስታውቅም። ውሃ ውሃ ነው።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ሉዎ መጣ። ባዶዋ ጋኔ ታጥባ፣ የተቀዳው ተጨምሮባት ጠበቀችው። በማንኪያ ቀመሰና ዓይኑን ጨፈነ። ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር።

«እናቴ! ዘንድሮ ምን አድርገሽበት ነው? ከወትሮው ጠለቅ ይላል። መጀመሪያ ጨው፣ ከዚያ የሆነ ... እንደ በሰለ ፍሬ ያለ ነገር ይከተላል።»

«ሙቀቱ ነው» አልኩት።

ግንባሬን ስሞኝ ሄደ። ሉዎ ሰው የሚስም ልጅ አይደለም። ደስ አለኝ። ደስ ሊለኝ ይገባል። እናቴ ቀምሳው ቢሆን ምን ትል ነበር እያልኩ ነው እንጂ።

ሐምሌ 26

ፔንግ ተመለሰች። ሸሚዟ ሰፍቷታል። ገና ሻንጣዋን ሳትፈታ በሬን አንኳኳች።

«ሮንግ፣ ጋኔ ምን ሆነች?»

«ምን ሆነች?»

«ጣዕሟ የለም። ውሃ ውሃ ትላለች። አበባ አላወጣች፣ አልሸተተች፣ ዝም ብላ ... ሄዳለች።»

«ሙቀቱ ነው» አልኩ። ሙቀቱ በዚህ ወር ስንቱን ተሸከመልኝ።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

ከፔንግ ጋር እንደ ድሮው ቦሎቄ ስንለቅም ዋልን። ድንገት አንገቷን ሳታነሳ፣ «አማቴ ከመሞቷ በፊትም እንዲሁ ሆኖ ነበር» አለች። «አበባ የለ፣ ሽታ የለ፣ ጣዕሟ ብቻ ጠፋ። እኔ አዲስ ሙሽራ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ። አማቴ ቀመሰችና ‹በቃ› አለች። ወር ሳይሞላ ቀበርናት። ጋን የቤቱን ሰው ታውቃለች፣ ሮንግ።»

«ወሬ ነው።»

«ሽንት ቤት ስቀመጥ ደም አያለሁ።»

ቦሎቄው ከእጄ ተበተነ። ነገ ሆስፒታል እንድትሄድ አስምያታለሁ። ማለች።

ነሐሴ 1፣ ዓርብ

አንጀቷ ላይ እብጠት አገኙባት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ደህና አድርጋ ነው ያስረዳችን፤ ትንሽ ነው፣ ቶሎ ተቆርጦ ከወጣ ትድናለች፣ የሚዘገይ ከሆነ ግን ኃላፊነት አልወስድም አለች። ፔንግ ጭንቅላቷን እየነቀነቀች ሰማች፣ አመሰገነች። ከዚያ አልጋ ትይዛለች ብዬ ስጠብቅ በቤተ መቅደሱ ጀርባ ወዳለው ሱቅ ሄደች፤ የመቀበሪያ ልብሷን ገዝታ መጣች። ሰማያዊ ሐር። ሽታው ይልቀቅ ብላ በረንዳ ላይ ሰቀለችው፤ ከወጥ ቤቴ መስኮት እየተወዛወዘ ይታየኛል።

«አልቆረጥም» አለች። «ጋኗ ከተናገረች በኋላ ቢላዋ ምን ይፈይዳል? እንደ ዶሮ ተዘርግፌ ከምሞት በቤቴ ልሙት።»

ማታ ልጇ በስልክ ሲጮህ በግድግዳው ሰማሁት፦ «እማ፣ በጎመን ጋን ነው ወይ የምትሞቺው!»

እኔም ስለምናት አመሸሁ። ስለ ዘመኑ ሕክምና አወራኋት፣ ስለ ታንግ ወንድም ቀዶ ጥገና አወራኋት፣ ስለ ልጅ ልጇ አወራኋት። ያላልኳት ነገር የለም።

ከአንድ በቀር።

ነሐሴ 3

ማህጆንግ ጨዋታ ነበር። አራተኛዋ ተጫዋች ፔንግ ስለቀረች የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ተተካች። ወሬው ሁሉ ስለ ፔንግ ነው። አንዷ «ደህና ጋን በድንገት ጣዕሟን አትጥልም፤ ወይ ሞት ነው፣ ወይ ሰው ነክቷታል» አለች። ሌላዋ ሳቀችባት፦ «ማን ይነካታል? ቁልፉ ሮንግ ጋ ነበር። የሮንግ እጅ ደግሞ በቴሌቪዥን የታየ እጅ ነው።»

በስልክ ነው እንጂ በቴሌቪዥን አይደለም። ለማሸነፍ የምፈልገውን ድንጋይ በገዛ እጄ ጣልኩት።

ነሐሴ 5፣ ማክሰኞ

ዪንሊን ደወለች። ለዓርብ ማታ ሁለት ወንበር ተሰርዞላታል። «እማ፣ እትዬ ፔንግን ይዘሻት ነይ። ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ ኑ ስላት ‹ጥርሴን ሳስተክል› እያለች ቀረች። ከበላች በኋላ እኔም ሉዎም ቁጭ ብለን እናናግራታለን፤ እኔን እንቢ አትለኝም።»

«አባትሽን ልውሰደው እንጂ።»

«አባዬ ‹ለአንድ ማንኪያ ምግብ ግማሽ ሌሊት አልቀመጥም› አለ። እማ፣ ምን ሆነሻል? እሷን ደስ ማሰኘት አትፈልጊም?»

እፈልጋለሁ አልኳት። የቤት ሰው የራሱን ጋን ጣዕም በሺህ መሃል ይለያል። እኔ የእናቴን ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ። እለየው ነበር።

ነሐሴ 6

ለሉዎ ደወልኩ። ለፔንግ ሰባተኛውን በሌላ ይቀይርላት እንደሆነ፤ ጨው አይስማማትም አልኩ። «እናቴ፣ ሰባተኛውን ካልቀመሰች የኛን ቤት ምኑን በላችው?» አለ። ጨው እቀንስላታለሁ ብሎ ዘጋ።

ነሐሴ 7

ፔንግ ግራጫ ሸሚዟን ተኩሳ አሳየችኝ። ጥሩ ነው አልኳት። ነገ ያመኛል ልበል? ልተኛ? አለማመም አልችልበትም፣ ከልጅነቴ ጀምሮ።

ነሐሴ 8፣ ዓርብ ማታ

ሁሉንም ካልጻፍኩት አልተኛም።

በር ላይ ዪንሊን ራሷ ተቀበለችን፣ ፔንግን አቅፋ አስገባቻት። ክፍሉ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ሰው ሁሉ ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው፣ የሻይ መቀዳት ይሰማል። የመስታወት ጋኖቹ ግድግዳው ላይ ተደርድረው ቢጫ ያበራሉ፤ ለፔንግ ጀርባዋን ወደ እነሱ የሚያዞረውን ወንበር መረጥኩላት። ግራጫ የለበሰች ልጅ በጥቁር ድንጋይ ላይ አንዲት ቁራጭ የጥንቸል ሥጋ ይዛ መጣችና ስለ ቃሪያው በለሆሳስ ነገረችን። ፔንግ በጥሞና አዳመጠች።

«ልጄ፣ ድንጋዩም ይበላል?»

ልጅቷ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች። ቀጥሎ የጎመን ልብ በንጹህ ውሃ ውስጥ መጣ፤ ውሃ ነው የሚመስለው። ፔንግ ወደኔ ጎንበስ ብላ «ያጠቡበትን ነው እንዴ ያመጡልን?» አለች። ከዚያ ጠጣችው። ዶሮ፣ ዳክዬ፣ የደረቀ ሥጋ ሲፈላ አድሮ፣ ተጣርቶ ተጣርቶ ነው ያንን የሚመስለው። «ሮንግ፣ ይሄ ልጅ ሰው ነው» አለች ስለ ሉዎ። ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ለአፍታ ሁሉን ረሳሁት። አንድ ኩብ ነጭ የአኩሪ አተር ቶፉ በማንኪያ ላይ ብቻዋን ስትመጣ ፔንግ «ቤተሰቦቿስ?» አለች፤ ሁለታችን አፋችንን ይዘን ስንንፈራፈር የጎን ጠረጴዛ ሰዎች ዞረው አዩን። ከታመመች ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

ከዚያ ሰባተኛው መጣ። ነጭ ጎድጓዳ ሳህን፣ አንድ ነጭ የዓሣ ቁራጭ፣ ወርቃማ ሾርባ። ልጅቷ ካርዱን አስቀመጠችና የተማረችውን ደገመች፦ የወይዘሮ ዩን ጋን፣ ከእናት ወደ ልጅ፣ ስድሳ ዓመት። ጎንበስ ብላ «የእትዬ ሮንግ እናት ናቸው» አለች ለፔንግ፣ ደስ ይላታል ብላ። እጄን ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩ።

ፔንግ አንድ ማንኪያ ወሰደች። ማንኪያውን አስቀመጠች። ደግማ አነሳችና ወሰደች። ዓይኗን ስጠብቅ ነበር፤ አሁን ቀና ትላለች፣ አሁን ታየኛለች፣ አሁን ትላለች። ተዘጋጅቻለሁ። ሉዎም ይስማ፣ ይውጣልኝ ብዬ ነበር።

ቀና አላለችም። እንባዋ ሾርባው ውስጥ ጠብ አለ።

«አማቴ ናት» አለች። «ይሄ የሷ ጣዕም ነው። ከጋኔ ጠፍቶ እዚህ፣ በሰው ቤት፣ በአፌ መጣ። ሮንግ፣ ልትወስደኝ መጥታለች። ጠራችኝ እኮ። አሁንስ ገባሽ? አሁንስ ሐኪም ቤት ሂጂ አትይኝም?»

ፈገግ አለች። እሱ ነው ያልቻልኩት። ተረጋግታ፣ ጉዳዩ እንዳለቀለት ሰው፣ ፈገግ አለች።

ሹክ ልላት ነበር ያሰብኩት፣ በእግዚአብሔር። ግን እኔ ሹክሹክታን የተማርኩት በፋብሪካ ማሽኖች መሃል ነው።

«ሰርቄሽ ነው! የኔዋ ጋን ሞታለች! ከጋንሽ የቀዳሁት እኔ ነኝ፣ አማትሽ አልመጣችም፣ ጋንሽ ምንም አልተናገረችም! እኔ ነኝ! እኔ ውሃ ሞላሁባት!»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ቀድሞም ጸጥ ያለ ነበር፤ አሁን ግን መንጋጋ እንኳ የሚያንቀሳቅስ ጠፋ። ግራጫ የለበሰችው ልጅ ስትቀዳ የነበረው ሻይ ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ፔንግ አየችኝ። «ስንት ጭልፋ?»

«ጥቂት ...»

«ስንት?»

«ግማሹን።»

«ግማሹን!» ድምጿ ከኔ አያንስም፣ እሷም የዚያው ፋብሪካ ሰው ናት። «ሐሩን እያየሁ ስንት ሌሊት አደርኩ! ስሞት ገላዬን ማን ያጥበኛል እያልኩ! አንቺ ታዲያ በየቀኑ እየመጣሽ ‹ታከሚ፣ ተቆረጪ› ትዪኛለሽ፣ ሾርባ ታጠጪኛለሽ፣ ትራሴን ታስተካክይልኛለሽ! ሌባ! እንዲህ ያለ ሌባ በየትኛው አገር አለ? ሰርቆ የሚያስታምም!»

ጥግ ላይ አንድ ሰውዬ ሳቁ አመለጠው፤ ሚስቱ በክርኗ ደቃችው። ዪንሊን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች፣ ፊቷ እንደ ቶፉ ነጥቷል። ሉዎ ከወጥ ቤት ወጣ። ቆጣ ይላል ብዬ ጠበቅኩ። መጥቶ ካርዱን ከጠረጴዛችን ላይ አነሳ፣ አነበበው፣ ልክ እሱ እንዳልጻፈው። ኪሱ ከተተው። ከዚያ ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ሄደ፣ ይቅርታ ብሎ ጎንበስ አለና የዚያንም አነሳ፤ ከዚያ የሚቀጥለውን። ስምንቱንም ጠረጴዛ አዳረሰ። እናቴን ከየጠረጴዛው ሲሰበስባት ዓይኔን የማሳርፍበት አጣሁ።

ፔንግ ጎድጓዳውን በሁለት እጇ አንስታ እስከ ታች ጨለጠችው። «የራሴን ነው» አለች ለማንም ሳትል።

የምትነሳ መስሎኝ ነበር። ፔንግ የቀረበ ምግብ ትታ የምትነሳ ሴት አይደለችም። ገና አራት ምግብ ይቀራል። ፊት ለፊት ተቀምጠን፣ አንድም ቃል ሳንለዋወጥ፣ ዳክዬው መጣ፣ ሩዙ መጣ፣ ሌላም ምን እንደሆነ ያላስታወስኩት መጣ። ልጅቷ እየፈራች ታስረዳለች፣ ፔንግ እሷን ብቻ እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛ ጣፋጭ መጣ። እኔን አልወርድ አለኝ። ፔንግ የራሷን ጨርሳ፣ ሳታየኝ የኔን ሳህን ጎትታ በላችው።

በታክሲ ብቻዋን ሄደች።

ነሐሴ 9

ዪንሊን መጣች። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ካርዱ ታትሞ ...»

«ካርዱ ወረቀት ነው እማ! ሰው እየሞተ ነው አንቺ ስለ ወረቀት የምታወሪው?» አለቀሰች። እኔም። ከዚያ ቆይታ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ ትላንት የነበሩ ሁለት እንግዶች ስለ ቤቱ ክፉ እንደጻፉና ሉዎ ሰባተኛውን እንዳነሳው ነገረችኝ። በቦታው ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። እኔን ማናገር ገና አልቻለም አለች። ይሁን፤ ጊዜ ይውሰድ።

ታንግ ማታ ከጎኔ ተቀምጦ «ያን ለት በኑድል ከሰስሽኝ» ብቻ አለ።

ነሐሴ 10

የፔንግን በር አንኳኳሁ። ሬዲዮኗን ጨመረችው።

ነሐሴ 11

አንኳኳሁ። የቻልኩትን ሁሉ በቁልፍ ቀዳዳው ነገርኳት፣ ብዙ ነው። ሬዲዮው እስከ መጨረሻ ተከፈተ። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ወርዶ ለሁለታችንም ጮኸ።

ነሐሴ 12፣ ማክሰኞ

ጠዋት በረንዳዋ ባዶ። ሐሩ የለም። ለብሳው ተኝታ ቢሆንስ? ታንግን ቀሰቀስኩት፣ በሯን ሊሰብር ተነሳ። ስንወጣ በሩ ክፍት ነው፤ ልጇ ሻንጣ ይዞ ቆሟል፤ ፔንግ የፊት መታጠቢያ ሳህን፣ ፎጣና የፍል ውሃ ጠርሙስ አንጠልጥላለች። አጠገቤ አለፈች፣ ከግድግዳው ለይታ አላየችኝም። ልጇ «ሆስፒታል ነው» አለኝ በቀስታ።

ታንግ «ለመሞት የሚሄድ ሰው የፊት መታጠቢያ አይዝም» አለ። ከተጋባን ጀምሮ ከተናገረው ሁሉ ይሄ ይበልጣል።

ነሐሴ 14

ዛሬ ቆረጧት። ኮሪደሩ ላይ ከልጇ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ሲያመሽ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ንጹህ ወጣ ብለዋል» አለኝ። የልጇን እጅ ይዤ ስንት ጊዜ አመሰገንኩት፤ ራሱ የቆረጣት ይመስል።

ነሐሴ 15

ሳትነቃ ገብቼ አየኋት። ትንሽ ሆናለች። ስትነቃ ወደ ግድግዳው ዞረች። ተቀመጥኩ፤ ውጪ አላለችኝም። ዝም አልኩ። እኔ! ነርሷ «እርስዎ እህቷ ነዎት?» አለችኝ።

ነሐሴ 16፣ ቅዳሜ

ከቀዶ ጥገና በኋላ ሰው እስኪፈሳ ድረስ ምግብ አይሰጠውም። አንጀት መንቃቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፣ ሁሉም ይጠይቃታል። ነርሷ በገባች ቁጥር «አያቴ፣ ፈሱ?» ትላታለች። በመስኮቱ በኩል የተኛችው አሮጊት «እኔ በሁለተኛው ቀን ነው፣ አይዞሽ፣ አትፈሪ» ትላታለች። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር መወልወያዋን ተደግፋ ትጠይቃለች። ፔንግ ከንፈሯ ደርቆ ተሰንጥቋል፤ በርጥብ ጥጥ ነካ ነካ ሳደርግላት ዓይኗን ትጨፍናለች። ልጇ ሊተኛ ወጣ። ሐኪሟ ዛሬም ካልሆነ ነገሩ አያምርም ብላ ሄደች። እኔ ወንበሩ ላይ ሆኜ የሆዷን ብርድ ልብስ ሳይ ዋልኩ፤ ሲነሳ፣ ሲወርድ። ጸሎት አላውቅም እንጂ እጸልይ ነበር።

አመሻሽ ላይ ሆነ። አጭር አይደለም፣ የሚያፍርም አይደለም፤ እንደ አሮጌ በር ተንጫረረ። ክፍሉ በሙሉ ሰማ። አንዷ አጨበጨበች፣ ከዚያ ሁሉም አጨበጨቡ። የመስኮቷ አሮጊት «ኧረ እሰይ! ይሄ ነው እንጂ!» አለች።

ፔንግ ከግድግዳው ዞረች። ዓይኗ ዓይኔን አገኘው።

«ሰማሽ?» አለችኝ።

«ሰማሁ።»

«ታዲያ ምን ተቀምጠሽ ታለቅሻለሽ? ሂጂና የሩዝ አጥሚት አምጪልኝ።»

ሊፍቱን አልጠበቅኩም።